የፍሬን ሥራ «የእጅ ዋጋ» ምንድን ነው?

«የፍሬን ሸራ መቀየር እኮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ለዚህ ይህን ያህል የእጅ ዋጋ ዘረፋ ነው።» ይህን ስንት ጊዜ ሰማሁት! ሰሞኑን ደግሞ መኪና አውቃለሁ የሚል ሰው በልበ ሙሉነት ሲናገረው፣ በዙሪያው ያሉትም «ልክ ነው» ሲሉት ሰማሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለዓመታት ፍሬን ስሠራ ኖሬአለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

የእጅ ዋጋ መካኒኩ ቁልፍ ይዞ የታየበት ደቂቃ ዋጋ አይደለም። የዕቃው ዋጋ ግማሽ ወይም ሲሶም አይደለም። ውድ ሸራ ማሰርም ርካሽ ሸራ ማሰርም ድካሙ አንድ ነው። ሥራው ተሟልቶ ሲሠራ የሚፈጀው ሰዓት በጋራዡ የሰዓት ሂሳብ ሲባዛ፣ እሱ ነው የእጅ ዋጋ። ለተራ የቤት መኪና የፊት ሁለት ጎማ ሸራ ከ1 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። የኋላው ፍሬን ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚገፋው ክብ ከበሮ) ከሆነ ይረዝማል፤ ስፕሪንጎቹ ብቻቸውን ትዕግሥት ይፈልጋሉ። የእጅ ፍሬኑ በሚጫን የኤሌክትሪክ ቁልፍ የሚሠራ አዲስ መኪና ከሆነ ደግሞ ፒስተኑን (ሸራውን የሚገፋውን) ለመመለስ የኮምፒውተር መሣሪያ ሊያስፈልግ ይችላልና ሂሳቡ ሌላ ነው።

ወንድሜ፣ የጎጃም ገበሬ ጤፍ ሲዘራ አይተህ ታውቃለህ? ዘሩን መበተን የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ግን ገመሳው አለ፣ ደገማው አለ፣ ሥለሳው አለ። ማሳውን በከብት ማስረገጡም አለ። ለበተነበት ጠዋት ብቻ ልክፈልህ ብትለው ምን ይልሃል? ሸራ ማስገባት ዘር መበተን ነው። ካሊፐሩ (ሸራዎቹን የሚይዘው ክፍል) የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች አውጥቶ ማጽዳትና ሙቀት የሚችል ግራሶ መቀባት ገመሳው ነው። የዲስኩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን፣ ሸራው የሚጨብጠውን ብረት) ውፍረት ለክቶ ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ትንሹ ልክ ጋር ማስተያየት ደገማው ነው። ጎሚኒው (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ ማየት ሥለሳው። መንገድ ላይ ሞክሮ መመለስ፣ ያ ደግሞ አረሙ ነው። ያልታረሰ መሬት ላይም ዘር መበተን ይቻላል። አዝመራው ነው የሚናገረው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቪትዝ መጣልኝ። ሌላ ቦታ በዚያች «ግማሽ ሰዓት» ሸራው ከተቀየረ ሦስት ወር አልሞላውም። ጎማውን ሳወርድ የውጪው ሸራ ገና ግማሽ አለው። የውስጡ ግን አልቆ ብረት ለብረት እየተፋቀ፣ ዲስኩ ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ አውጥቷል። ፒኑ በዝገት ተጣብቆ ስለነበር ብዙ ታግዬ ነው ያወጣሁት። ባለቤቱ ከእጅ ዋጋ ላይ ያተረፋትን ሳንቲም ለአዲስ ዲስክ ከነእጥፏ ከፈለ።

እኛ ጋ ደግሞ አባይ በረሃ አለ። ከደጀን ጫፍ እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። (ሸራው አዲስም ቢሆን እዚያ የሚወረደው በከባድ ማርሽ ነው።) ስለዚህ ዘይት መቀየርና አየር ማስወጣት በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ አንዱ አየር ማስወጫውን ይከፍታል።

የሚያጋንን ጋራዥ የለም አልልም። አለ፣ ያናድደኛልም። ዋናው ብልሃት ሥራ ደርቦ ማስከፈል ነው። ሸራና ዲስክ አብረው ሲቀየሩ ጎማውም ካሊፐሩም አንዴ ወርደዋል። ዲስኩን ለማውጣት የሚጨመረው ሥራ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። ለሸራው ሙሉ ዋጋ፣ ለዲስኩም ሌላ ሙሉ ዋጋ ከተጠየቃችሁ ተከራከሩ። ፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ይቀየር የሚላችሁም ምክንያቱን ያሳያችሁ። የባለመኪናውን ልብስ አይቶ ዋጋ የሚጠራማ ሙያችንን ያዋርዳል።

ሁለት ጋራዥ ዋጋ ስትጠይቁ መጀመሪያ ምን ምን እንደሚሠሩ አስቆጥሯቸው። አንዱ ሸራ ብቻ፣ ሌላው ፒንና ዘይት ጨምሮ ከሆነ ሁለቱ ዋጋዎች አይወዳደሩም። ሥራው ሲያልቅ አሮጌዎቹን ሸራዎች ተቀበሉ። አራቱንም ጎን ለጎን ደርድሯቸው። ጥቂት ልዩነት ያለ ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ሳስቶ ካያችሁት ግን መኪናውን ከማስነሳታችሁ በፊት የዚያ ጎማ ፒንና ፒስተን ምን እንደተደረገ ጠይቁ።