የአዲስ አበባ የጭቃ ቤት ሲታደስ፦ ሙቀቱ የት ይሄዳል፣ ቆጣሪውስ ምን ይበላል?

የድሮ ቤትን ኃይል ቆጣቢ አድርጎ ማደስ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት የፈረንጅ አገር ቤት ነው። እዚያ ክረምቱ በረዶ ነው፣ ቤት ሁሉ ማሞቂያ አለው፣ እድሳቱም የማሞቂያውን ሂሳብ ለመቀነስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ማሞቂያ ያለው ቤት ጥቂት ነው። የኛ ማሞቂያ ጋቢ ነው።

እንዲህ ስለሆነ ግን ቤታችን ኃይል አያባክንም ማለት አይደለም። ሁለት ነገር ይባክናል። አንደኛው ቀን ከፀሐይ በነፃ የተገኘው ሙቀት ነው፤ ሲመሽ በጣሪያና በበር ስር ወጥቶ ይሄዳል። ሁለተኛው ቆጣሪ የሚቆጥረው ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛው ኩሽና ውስጥ ነው ያለው። መሃል ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ከ20 ዲግሪ አልፎ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ደግሞ ከ10 በታች ይወርዳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ወዶ አይደለም።

ቤቱ ራሱ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የከተማዋን ቤት መልክ የሰጡት ሁለት መጤዎች ናቸው። ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ። ሁለቱም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው የተስፋፉት። ከዚያ ወዲህ የተለመደው ቤት ይህ ነው፦ ከስር የድንጋይ መሠረት፣ ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው የጤፍ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ወለሉ ድሮ አፈር ወይም ጣውላ ነበር፣ ኋላ ሊሾ ሆነ።

ሰው ይህን ቤት «የጭቃ ቤት» ሲል ትንሽ እንደ ማሳነስ አድርጎ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ግድግዳው ወደ አንድ ስንዝር የሚጠጋ ውፍረት አለው፣ ከባድ ነው፣ ቀን የሞቀውን ሙቀት ይዞ ቀስ እያለ ማታ ይለቃል። ጭዱ ደግሞ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ጭቃው ሙቀት ቶሎ እንዳያሳልፍ ያግዛል። የዚህ ቤት ችግር ጭቃው አይደለም። ችግሩ ከጭቃው በላይ፣ ከጭቃው በታችና በጭቃው ቀዳዳ ነው።

ከላይ ያለው ቆርቆሮ

ቆርቆሮ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ፀሐይ ስትወጣ ወዲያው ይግላል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ቋ ቋ እያለ የሚሰማው ሲለጠጥ ነው። ስትጠልቅ ደግሞ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ሰማዩ በጠራበት የኅዳር ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ ከውጭው አየር በላይ ይቀዘቅዛል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው የሚተነፍሰው እርጥበት እዚያ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ሊነጋጋ ሲል ፊቱ ላይ ጠብ የሚልበት ያ ነው። ዝናብ ሳይዘንብ ጣሪያው አፈሰሰ ብለው ቆርቆሮ የሚያስቀይሩ አሉ። ቆርቆሮው ምንም አልሆነም፣ ያላበው ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ኮርኒስ ላይ ይዋል። ድሮ ኮርኒስ ማለት ተወጥሮ ቀለም የተቀባ አቡጀዴ ነበር። አቅም ያነሰው የማዳበሪያ ጆንያ እየሰፋ ይወጥራል፣ ዛሬም ይሄ አለ። ቀጥሎ ችፑድ መጣ፣ አሁን ጂፕሰምና ፒቪሲ ነው። አቡጀዴና ማዳበሪያ አቧራ ይይዛሉ እንጂ ሙቀት ብዙም አይይዙም። ችፑድ ይሻላል። ዋናው ቁም ነገር ግን ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፈው ነው። የመስታወት ሱፍ ወይም የድንጋይ ሱፍ የሚባለው ጥቅል ከተገኘ አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር እንኳ ልዩነቱ ይታወቃል። ነጭ ፎምም ይሠራል፣ ግን በቀላሉ እሳት ይይዛል። ጭድ ወይም ካርቶን እንዘርጋ የሚል አይጠፋም። አይጥ መጋበዝ ነው፣ ለእሳትም ያው ነው።

ከማንጠፍ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወደ ኮርኒሱ ይውጣ። በድሮ ቤት ጣሪያ ውስጥ ልብሱ የተላጠ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ማን እንደዘረጋው የማይታወቅ ሽቦ ሞልቷል። በዚያ ላይ ሱፍ ማልበስ ሽቦውን ማፈን ነው።

ግድግዳው ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበት ቦታም ይታይ። ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከኮርኒስ በታች ያለው ይደፈን። ከኮርኒስ በላይ ያለው ግን ሙሉ በሙሉ አይዘጋ፣ እንጨቱ አየር ካላገኘ ይበሰብሳል። ወፍና አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ይበቃዋል።

ቆርቆሮን ነጭ መቀባትም አለ። የቀኑን ሐሩር በእርግጥ ይቀንሳል። ለአዳማና ለድሬዳዋ ቤት እኔም ከኮርኒስ እኩል እመክረው ነበር። ለአዲስ አበባ ግን ሁለተኛ ነው፣ እዚህ የሚያስቸግረን ሌሊቱ ነው።

ሲሚንቶ የሚያጠፋው ግድግዳ

በከተማው ትልቁ የእድሳት ስህተት እዚህ ጋ ነው። ሰው እጁ ገንዘብ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ጭቃው ላይ የዶሮ ሽቦ በሚስማር አስመትቶ በሲሚንቶ ማስለሰን ነው። ቤቱ ወዲያው የብሎኬት ቤት ይመስላል፣ ጎረቤትም «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል። ከሦስት አራት ክረምት በኋላ ግን ልስኑ ጨጓራው ይነፋል፣ ሲመቱት ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭቃ ከመሬትም ከዝናብም ትንሽ እርጥበት ይስባል፣ በበጋ ደግሞ መልሶ ይተፋዋል። ሲሚንቶ ሲለብስ የሚተፋበት መንገድ ይዘጋል። እርጥበቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ የቋሚው እግር ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይደርሳል። እርጥብ ግድግዳ ደግሞ ከደረቅ ግድግዳ ይልቅ ሙቀት ያባክናል። ሰው ቤቱን አሞቅሁ ብሎ የሚያቀዘቅዘው እንዲህ ነው። ጭቃውን ጨርሶ አፍርሶ በብሎኬት የሚተካም አለ። ጥንካሬው ጥሩ ነው፣ ግን ብሎኬት ውስጡ ባዶ፣ ገላው ስስ ነው። ያለ ኮርኒስ የብሎኬት ቤት ውስጥ ያደረ ሰው ብርዱን ያውቀዋል።

ደህናው መንገድ ጭቃን በጭቃ መጠገን ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ይረገጣል፣ ከዚያ ተሸፍኖ ለቀናት ይቦካል። በደንብ የቦካ ጭቃ ይሸታል፣ እጅ ላይም እንደ ሊጥ ይሳባል። ቸኩሎ ያልቦካ ጭቃ የሚለጥፍ ባለሙያ ካለ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ስንጥቅ ድጋሚ ሊደፍን ይመጣል። ምርጊቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ያ ያለ ነው። ስንጥቁ በስስ ልስን ይደፈናል፣ መጨረሻ ላይ ኖራ ይቀባል። ኖራ ግድግዳውን አያፍነውም።

በተለይ መታየት ያለበት ጭቃው ከባሕር ዛፉ ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው። እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድ ይከሳል፣ ከጎኑ ቀጭን ክፍተት ይተዋል። ከሩቅ አይታይም፣ ከኋላው ግን ነፋስ አለ።

ውሃውን ካላራቁት ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው። አሸንዳ ይሰቀል፣ የጣሪያው ክንፍ አጭር ከሆነ ይርዘም፣ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈር። አሸንዳን ኃይል ቆጣቢ ዕቃ ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ የለም፤ ደረቅ ግድግዳ የሚገኘው ግን በሱ ነው።

እጣንና ከሰል

ፈረንጆቹ ቤት የት ጋ ነፋስ እንደሚያስገባ ለማወቅ በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥመው ይለካሉ። እኛ ዘንድ እጣን ይበቃል። ነፋስ ባለበት ማታ በርና መስኮቱን ዘግቶ፣ የሚጤስ እጣን ይዞ በግድግዳው ጥግ ጥግ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ቦታው ደህና ነው። ዘንበል ካለ ወይም ከተጠለፈ ቀዳዳው እዚያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በበሩ ስር፣ በመስኮቱ ክፈፍ ዙሪያና የመብራት ሽቦ ግድግዳውን በስቶ በገባበት ነው። ለበሩ ስር ከታች የሚመታ የጎማ ጠርዝ ይበቃል። ጨርቅ የሚወትፍም አለ፣ እሱም አይከፋም። የድሮ መስኮት ከውጭ የእንጨት መዝጊያ ካለው አይነቀል። ማታ መዝጊያውንም መጋረጃውንም መዝጋት ሌላ መስታወት እንደ መጨመር ነው። ወለሉ ሊሾ ከሆነ ምንጣፍ ወይም ሰሌን ለእግር ብዙ ለውጥ አለው።

አሁን ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ቀዳዳውን ሁሉ የደፈነ ሰው ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድ ያቁም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ገዳይ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ያ ነፋስ የሚያስገባ የድሮ ቤት ሳያስበው ባለቤቶቹን ሲያተርፍ ኖሯል። ቡና ሲፈላ መስኮት ይከፈት፣ ምድጃው ሲያበቃ ወደ ውጭ ይውጣ። ለሙቀት ተብሎ ፍም አስገብቶ መተኛት ጭራሽ አይታሰብም።

ምጣዱ

ቆጣሪው የሚሮጠው እዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ሁለት ሰዓት ከተጋገረበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ያንኑ ለባለ 9 ዋት አምፖል ብንሰጠው፣ በየማታው አምስት ሰዓት እያበራ ከአምስት ወር በላይ ይቆያል። አምፖል አጥፉ እያሉ ልጆች ላይ የሚጮኹ ወላጆች ይህን ሂሳብ ቢያዩት ጥሩ ነው።

ምጣዱ ውስጥ የጋለው ሽቦ ከሸክላው ስር ነው። ሙቀቱ ወደ ላይ ወደ እንጀራው ብቻ ቢሄድ ደስ ባለን፣ ግን ወደ ታችም ይሄዳል። የምጣዱ ሆድ ከስር በደንብ ካልተሸፈነ ጠረጴዛውን ስንጋግር ነው የምንውለው። ጋግረው ሲጨርሱ እጅን ከስር ጠጋ አድርጎ መፈተሽ ይቻላል። የሚያቃጥል ከሆነ የስሩ ሙቀት መከላከያ አልቋል ማለት ነው፣ ሠሪው ጋ ወስዶ ማስሞላት ይገባል። አክንባሎውም ጠርዙ ገጥሞ ይቀመጥ።

ሶኬቱም ይታይ። 3,500 ዋት ማለት ወደ 16 አምፔር ነው። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ ከተሰካ ሶኬቱ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ኋላም ይቀልጣል። ለምጣድ ወፈር ያለ የራሱ መስመርና የራሱ ማቋረጫ ይሠራለት።

የድሮ ብልሃትም አለ። ምጣድ አንድም እንጀራ ሳይጋገርበት እስኪግል ድረስ ኃይል ይበላል። በሳምንት ሦስቴ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር አንዴ ወይም ሁለቴ አብዝቶ መጋገር ይሻላል። አንዷ ስትጨርስ ጎረቤቷ ሊጧን ይዛ በጋለው ምጣድ የምትቀጥልበት ግቢ አውቃለሁ፣ ሂሳቡን ይካፈላሉ። በእንጨት ለሚጋገርበት ቤት ደግሞ «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ለከሰል ደግሞ «ላቀች» የምትባለው ምድጃ አለች።

ሌላው ባጭሩ ይታለፋል። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማሞቅ ወደ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቦይለር ቀኑን ሙሉ በርቶ አይዋል። አቅም ያለው ጣሪያው ላይ በፀሐይ የሚሠራውን ይስቀል፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ለዚህ አትታማም። ለጨለማ ኩሽና ከቆርቆሮዎቹ አንዱን ብርሃን በሚያሳልፍ መቀየር የቀን መብራትን ያስቀራል።

ለምን አይታደስም?

እውቀት ጠፍቶ ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ ርካሽ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ እዚያው ላይ ቆመ፣ ኪራዩ ለጥገና አይበቃም፣ ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ገንዘብ አያፈስም። የግል ይዞታም ቢሆን ሰፈሩ በልማት ይነሳ ይሆናል የሚል ሰው ኮርኒስ ላይ አያወጣም። ይሄን ፍርሃት ሞኝነት ማለት አይቻልም። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚመከረው ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ነው፦ ምጣድ፣ አምፖል፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ። የበር ስር ጎማና የስንጥቅ ጭቃ ደግሞ ቢቀሩም አያስቆጩም።

በአንድ ቆጣሪ ሦስት አራት ቤተሰብ ያለበት ግቢ ሌላ ጣጣ አለው። ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ስለሚል፣ ሁሉም ተደምረው ውዱ እርከን ላይ ይወጣሉ። ለየብቻ ቆጣሪ ማስገባት ከተቻለ የአንድም ሰው ልማድ ሳይቀየር ሂሳቡ ይወርዳል።

ሥራው የሚጀመርበት ወር አለው። ዝናቡ ጥቅምት ላይ ሲያቆም መሠረቱና ቦዩ ይታያል፣ የበሰበሰ የቋሚ እግር ይቀየራል። የጤፍ ጭድ በኅዳርና በታኅሣሥ ከአውድማ ሲወጣ በርካሽ ይገኛል፣ ጭቃው ያኔ ይቦካል። ምርጊቱ እስከ የካቲት ከተመታ በበጋው ፀሐይ ለመድረቅ ጊዜ ያገኛል። ኖራው ከግንቦት በፊት ይቀባ፣ ሰኔ ግም ሲል አሸንዳው ቦታው ላይ መሆን አለበት።