ስለ ኤስቶኒያ የሚባለውና እውነታው

ኤስቶኒያ ከፊንላንድ ማዶ፣ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለች አገር ናት፤ ሕዝቧ 1.4 ሚሊዮን አይሞላም። ስሟ የሚነሳው በዲጂታል መንግሥቷና በነጻ አውቶቡሷ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ግን ለተመዘገበ ነዋሪ እንጂ ለእንግዳ አይደሉም። አብዛኛው ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«የኢ-ነዋሪነት ካርድ ካለኝ ቪዛ አያስፈልገኝም»

ያስፈልግዎታል። ከ2014 ጀምሮ ለውጭ ሰዎች የሚሰጠው ይህ ካርድ ከሩቅ ሆኖ ኩባንያ ለመክፈትና ሰነድ በዲጂታል ለመፈረም ነው። ካርዱን ቢያገላብጡት ስምና ቺፕ እንጂ ፎቶ አያገኙበትም። ፊት የማያሳይ ካርድ ድንበር ላይ ምን ይሠራል? ቪዛም፣ የመኖሪያ ፈቃድም፣ ዜግነትም አይሆንም።

«ትንሽ አገር ናት፤ የእሷን ቪዛ አውጥቼ ጀርመን እገባለሁ»

የሸንገን ቪዛ (ኤስቶኒያንና ጀርመንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) የሚጠየቀው ብዙ ቀን ከሚቆዩበት አገር ነው። በኤስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን 3 ቀን፣ በበርሊን 7 ቀን ከሆነ ማመልከቻው ለጀርመን ነው። ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት አገር ያመለክታሉ። የሆቴሉና የበረራው ቀን ከዚህ ጋር ካልገጠመ ለመከልከል በቂ ምክንያት ነው፤ የአዋቂ ክፍያ የሆነው 90 ዩሮም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ፓስፖርቱ ከሸንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ 3 ወር የሚያገለግልና 2 ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ መጨረሻው 15 ቀን ሲቀር ነው።

«ታሊን ውስጥ አውቶቡስ በነጻ ነው»

ከ2013 ጀምሮ ነጻ የሆነው በከተማው ለተመዘገቡ ነዋሪዎች ነው። እንግዳ ይከፍላል። በፊተኛው በር ገብተው የባንክ ካርድዎን ከማንበቢያው ላይ ያስጠጋሉ፤ የአንድ ሰዓት ትኬት ይቆረጣል። ነዋሪዎቹ ሳይከፍሉ ሲገቡ አይተው ዝም ብለው የተቀመጡ እንደሆነ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቅጣት አለ። ከአየር ማረፊያው መሀል ከተማ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በትራም መሄድ ሲቻል ታክሲ መያዝ ብዙም አያስፈልግም።

«ቋንቋቸው ሩስያኛ ነው»

ኤስቶንኛ የፊንላንድኛ ዘመድ ነው፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። ሩስያኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ አለ፤ ነገር ግን አገሪቱ ነጻነቷን ከሶቭየት ኅብረት ያስመለሰችው በ1991 ነው፣ ቁስሉም አልሻረም። ሰላምታውን «ቴሬ» ብለው ይጀምሩ፤ ከወጣቶቹ ጋር እንግሊዝኛ ይበቃል።

«ችግሩ ብርዱ ነው»

ብርዱን ጃኬት ይመክተዋል። ጨለማው ይብሳል። በዲሴምበር መጨረሻ ታሊን ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከ3 ሰዓት በኋላ ነው፤ 9 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። በዚህ ምክንያት በጨለማ በእግር የሚሄድ ሰው አንጸባራቂ እንዲያደርግ ሕግ ያስገድዳል። ዕቃው የቁልፍ መያዣ የምታህል ፕላስቲክ ናት፤ ሱፐርማርኬት ይሸጣታል። በክር ከኮት ኪስ ላይ ታስራላችሁ፣ በመኪናው በኩል እስከ ጉልበት ትንጠለጠላለች። ደረት ላይ ከተሰካች ግን የመኪና መብራት ዝቅ ብሎ ስለሚያበራ አያገኛትም። በጁን ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ፀሐይ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አትጠልቅም። ያን ጊዜ ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፤ በብርዱ ወቅት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

«ባሕሩ በረዶ ሲሆን በመኪና ወደ ደሴት እሻገራለሁ»

ሕጋዊ የበረዶ መንገድ የሚከፈተው በረዶው በቂ ውፍረት ሲኖረው ብቻ ነው፤ ብዙ ዓመት ጭራሽ አይከፈትም። ከተከፈተም የመኪና ቀበቶ አይታሰርም፣ በረዶው ቢሰበር ቶሎ ለመውጣት። ከ25 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት መንዳትም አይቻልም፤ በዚያ ፍጥነት መኪናው ከበረዶው ሥር የሚፈጥረው ማዕበል በረዶውን ይሰብረዋል። ወይ ከዚያ በታች፣ ወይ ከዚያ በላይ እስከ 70። በሌላው ጊዜ ወደ ትልቋ ደሴት ወደ ሳሬማ የሚወስደው ጀልባ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

«የታሊን አዛዥ ኢትዮጵያዊ ነበር»

አብራም ጋኒባል፣ የሩሲያው ባለቅኔ የፑሽኪን ቅድመ አያት፣ ከ1742 እስከ 1752 የከተማዋ አዛዥ እንደነበር ሐቅ ነው። ከአቢሲኒያ መጣ ሲባል ኖሯል፤ አሁን ግን ከዛሬዋ ካሜሩን፣ ከሎጎን አካባቢ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም።