«ከኩባ ውጭ ሲጋር የለም» እና ሌሎች የሱሉልታ ክርክሮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከእንጦጦ ማዶ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት ሯጮች ሳንባቸውን የሚያሰፉበት ሜዳ አለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሜዳው ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ የእኛ ቡድን የራሱን ሳንባ ይፈታተናል። የግቢው ታዳሚ ከሞላ ጎደል ሁሉም የኩባ ሲጋር አጫሽ ነው። ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከእኛ ጋር ተሰልፈዋል፤ የትግላችን ሐውልትም የወደቁትን ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ በተባለችው የኩባ ደሴት ተምረዋል። ከተመላሾቹ አንዳንዶቹ ከስፓኒሽ ቋንቋ ጋር የሲጋሩንም ፍቅር ይዘው መጡ።

ችግሩ የሚጀምረው እነዚህ ሰዎች መንገድ ሲወጡ ነው። ዋሽንግተን ወይም ሳንቶ ዶሚንጎ ሱቅ ገብተው የኩባውን ያጣሉ፤ ወይም እጅግ በናረ ዋጋ ያገኙታል። ያኔ መደርደሪያው ላይ የኒካራጓ፣ የዶሚኒካንና የሆንዱራስ ሲጋሮች ተደርድረው እያዩ ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ የሚሰጧቸውን ምክንያቶች ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁና አንድ በአንድ ላንሣቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ከኩባ ውጭ ያለው ሁሉ ቅጂ ነው»

የስሕተቶቹ ሁሉ እናት ይህች ናት። ሲጋር የአፈር፣ የዘርና የእጅ ውጤት ነው። በኩባዋ ፒናር ዴል ሪዮ ግዛት ያለውን፣ ዝነኛው ትምባሆ የሚበቅልበትን የቩኤልታ አባሆን አፈር ማንም በሻንጣ ይዞ ሊወጣ አልቻለም፤ በዚህ ረገድ ኩባ አሁንም ብቸኛ ናት። ዘሩና እጁ ግን ወጥተዋል። አብዮታዊው መንግሥት በ1960 የትምባሆ ፋብሪካዎችን ሲወርስ የሞንቴክሪስቶና የኤች አፕማን ሲጋሮች ባለቤቶች የነበሩት ሜኔንዴዝና ጋርሲያ ተሰደዱ። የፓርታጋስ ባለቤት የነበረው የሲፉዌንቴስ ቤተሰብም እንዲሁ። ሆሴ ኦርላንዶ ፓድሮን በ1964 ማያሚ ውስጥ በትንሽ ቦታ ሥራ ጀመረ፤ በ1970 ምርቱን ወደ ኒካራጓዋ ኤስቴሊ ከተማ ወሰደ። ትውልደ ኩባዊው አርቱሮ ፉዌንቴ ደግሞ ከአብዮቱ አስቀድሞ፣ በ1912፣ ፍሎሪዳ ታምፓ ውስጥ ድርጅቱን መሥርቶ ነበር፤ ልጁና የልጅ ልጁ በ1980 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ገቡ። በዚያ አፈር የሲጋር የላይኛው መጠቅለያ ቅጠል አይበቅልም ሲባል ኖሮ፣ በ1990ዎቹ ራሳቸው አብቅለው በገዛ ቅጠላቸው የተጠቀለለ ሲጋር ለገበያ አወጡ።

ለእኛ ይህ ታሪክ እንግዳ ሊሆን ባልተገባ ነበር። የጌሻ ቡና በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስዶ በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ደረሰ። በ2004 በዚያው በፓናማ ውድድር አሸንፎ የቡናውን ዓለም ጉድ አሰኘ። የፓናማውን ጌሻ ቀምሶ «ቅጂ ነው» የሚል ቡና ቀማሽ አላጋጠመኝም። ሌላ ቡና ሆኗል፤ ዘሩ የእኛ ነው፣ ጣዕሙን የሰጠው የዚያ ተራራ ነው።

በዚያ ላይ ኩባም ራሷ ባለችበት አልቆመችም። ሰማያዊ ሻጋታ የሚባለው በሽታ በ1979 እና በ1980 የኩባን የትምባሆ ምርት ሊያጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ለአሥርት ዓመታት የኩባን ሲጋር የጠቀለለው የኮሮሆ ዝርያ ለበሽታው ደካማ ስለነበር በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዳዲስ ዲቃላ ዝርያዎች ተተካ። የድሮው የኮሮሆ ዘር ዛሬም ከሚበቅልባቸው ቦታዎች አንዱ ሆንዱራስ ውስጥ ያለው የጃማስትራን ሸለቆ ነው። እንግዲህ «የጥንቱን የኩባ ጣዕም» የሚናፍቅ ሰው ከሆንዱራሱ መደርደሪያ ፊቱን ሲያዞር ከማን እንደሚሸሽ ያስብበት።

«ከየአገሩ የተቀላቀለ ስለሆነ ንጹሕ አይደለም»

እውነት ነው፣ የኩባ ሲጋር ከውስጥ ሙሌቱ እስከ ማሰሪያው፣ እስከ ላይኛው መጠቅለያ ድረስ የኩባ ቅጠል ብቻ ነው። ሌሎቹ ግን የፈለጉትን አገር ቅጠል ያቀላቅላሉ። የእኛ ሰው ይህንን እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። እኔ ደግሞ የሌሎቹ ትልቁ ሀብት ይኸው ነው እላለሁ። የኩባ ሲጋር ጠቅላይ ሠራተኛ ከአንድ ጓሮ ቅጠል ብቻ ይሠራል፤ የዶሚኒካኑ ጠቅላይ ዓለም ሁሉ ጓሮው ነው። ኢኳዶር ውስጥ ደመናው ራሱ እንደ ዳስ ጥላ ስለሚሆን ቀጭንና ለስላሳ መጠቅለያ ቅጠል ይበቅላል። ከሜክሲኮዋ ሳን አንድሬስ ወፍራምና ጥቁር ቅጠል ይመጣል። ከካሜሩንና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ደግሞ እንደ ቆዳ ጠጠር ጠጠር የሚል፣ ጣፈጥ ያለ ቅጠል አለ፤ ከታወቁት የዶሚኒካን ሲጋሮች አንዳንዶቹ በእሱ ተጠቅልለዋል። ስለ አፍሪካ ኩራት ሲነሣ ድምፁ ከሁሉ የሚጎላ አንድ ወዳጃችን፣ ያንን ሲጋር አንድም ቀን ሳይሞክር «የፈረንጅ ቅልቅል» እያለ ሲያጣጥለው ዝም ብዬ እሰማዋለሁ።

«ስሙ ኮሂባ ከሆነ ኮሂባ ነው»

መንገደኛ በብዛት የሚወድቅበት ወጥመድ ነው። የኩባው ኮሂባ በ1966 ለፊደል ካስትሮና ለመንግሥት እንግዶች የተጀመረ ነው (ካስትሮ ራሱ በ1985 ማጨስ አቁሟል)። አሜሪካ ውስጥ ግን ስሙን በ1981 ያስመዘገበው ጄኔራል ሲጋር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ሲጋሩም የሚመረተው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው። በስሙ ባለቤትነት የተነሣው ክርክር አሥርት ዓመታት ፈጅቷል። ሞንቴክሪስቶ፣ ሮሜዎ ኢ ሁሊዬታ፣ ፓርታጋስ፣ ኤች አፕማን፣ ኦዮ ዴ ሞንቴሬይና ፓንችም እንዲሁ ሁለት ሁለት ናቸው፤ አንዱ የኩባ፣ ሌላው የሌላ አገር።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ሲጋሩ ላይ በሚጠመጠመው የኩባው የወረቀት ቀለበት ላይ «ሀባና» የሚል ጽሑፍ ይፈለጋል። ሣጥኑን ገልብጦ ታቹን ማየት ደግሞ የበለጠ ነው፤ በትኩስ ብረት «ኤቾ ኤን ኩባ» (ኩባ የተሠራ) የሚል ጽሑፍ ታትሞበታል፤ አጠገቡ ሣጥኑ የታሸገበትን ወርና ዓመት የሚናገር ማኅተም አለ። የአሜሪካው ኮሂባ ቀለበት «ኦ» ፊደሉ ውስጥ ቀይ ነጥብ አለው። ይህ ሐሰተኛ ሲጋር አይደለም፤ ሌላ ሲጋር ነው። ሐሰተኛው የመስታወት ክዳን ባለው ሣጥን የሚሸጠው «የኩባ ኮሂባ» ነው። እንዲህ ያለ ሣጥን ከፋብሪካው ወጥቶ አያውቅም፤ ያየ ሁሉ አልፎ ይሂድ።

«ጠቆር ያለው ኃይለኛ ነው፤ የኩባው ደግሞ ከሁሉም ይበረታል»

ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የላይኛው ቅጠል ጥቁረት በአብዛኛው የሚመጣው ረዘም ላለ ጊዜ በሙቀት ከመብላላቱ ነው፤ እንዲያውም ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ወደ ጣፋጭነት ያደላል። ኃይሉ ያለው ውስጡ ነው። ከተክሉ ግርጌ የሚለቀመው ቮላዶ በደንብ እንዲነድ ይረዳል፤ የመካከለኛው ሴኮ መዓዛ ይሰጣል፤ ፀሐይ የጠገበው የጫፉ ሊሄሮ ደግሞ ጉልበት ይጨምራል። ሊሄሮ የበዛበት ሲጋር፣ መልኩ የገብስ ገለባ ቢመስልም፣ ያንገዳግዳል።

የኩባ ሲጋር በአብዛኛው መካከለኛ ነው፤ ለስላሳ የሚባሉም ብዙ አሉት። የእሳተ ገሞራ አፈር ያበቀለው የኤስቴሊ ቅጠል ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ነው ለዓመታት የኩባ ያጨሰ ሰው የመጀመሪያውን የኒካራጓ ሲጋር በባዶ ሆድ ለኩሶ ግማሽ ሳይደርስ ላብ ላብ የሚለው። ሆድን ሞልቶ መጀመር፣ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ካዞረም አስቀምጦ ጣፋጭ ነገር መቅመስ ይበጃል።

«ለማቆየት ጥሩ የእንጨት ሣጥን ይበቃል»

ለዚህኛው የሱሉልታ አየር ራሱ መልስ ይሰጣል። ሲጋር የሚስማማው ከ65 እስከ 70 በመቶ በሚሆን የአየር እርጥበት ነው። በታኅሣሥና በጥር የእኛ ደረቅ ነፋስ ሜዳ ላይ የቀረ ሲጋርን በጥቂት ቀናት ያደርቀዋል፤ በጣት ቆንጠጥ ሲያደርጉት የላይኛው ቅጠል እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። በክረምት ደግሞ ያብጥና ቅጠሉ ይተረተራል። አንዳንዱ ለአናጢ የጥድ ሣጥን ያዝዛል፤ ይህ ይበልጥ ያበላሻል። ለሲጋር ሣጥን የሚመረጠው የመካከለኛው አሜሪካ ሴድሬላ የተባለ ዛፍ ነው። የእኛ ጥድ ሙጫና ብርቱ ሽታ ስላለው ሲጋሩ የቁም ሣጥን ሽታ ይይዛል። ክዳኑ አየር የማያስገባ ተራ የፕላስቲክ ዕቃና 65 ወይም 69 የሚል ቁጥር የተጻፈበት እርጥበት ጠባቂ ከረጢት ከዚያ ሁሉ ይሻላል። ከረጢቱ ቀላል ስለሆነ ከመንገድ ሲመለሱ ይዞ መምጣት ነው። ብርዳችን ግን በዚህ ይመሰገናል፤ የትምባሆ ነቀዝ ሙቀት ካላገኘ አይፈለፈልም።

ስለ እሳቱም አንድ ነገር። ኤርፖርት ገዝተው የመጡት፣ ነበልባሉ እየጮኸ የሚወጣው ላይተር እዚህ ሲደርስ አልነድም ሲል «ተሸወድኩ» የሚሉ አሉ። ላይተሩ ጤነኛ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ እንዲህ ያለው ላይተር ደግሞ ከፍታ አይወድም። ተራ ክብሪት ይሻላል፤ የድኙ ሽታ እስኪያልፍ ጥቂት መታገሥ ብቻ ነው።

በአጭሩ የሚታለፉ

ሲጋር በልጃገረዶች ጭን ላይ አይጠቀለልም፤ በእንጨት ገበታ ላይ፣ ቻቬታ በሚባል ጠርዙ ጎበጥ ያለ ስለት ነው። ኮኛክ ውስጥ መንከር ሲጋሩንም ኮኛኩንም ማበላሸት ነው። «ውድ ስለሆነ ይሻላል» ለሚለው ደግሞ፣ በ2022 የኮሂባና ትሪኒዳድ የተባለው የኩባ ሲጋር ዋጋ በዓለም ዙሪያ እጅግ እንዲንር ሲደረግ ቅጠሉ በአንድ ሌሊት አልተሻሻለም።

«ጭሱን ስለማልውጠው አይጎዳኝም»

ይጎዳል። የሲጋር ኒኮቲን በአፍ ሽፋን በኩል ወደ ደም ይገባል። አንድ ትልቅ ሲጋር የያዘው ትምባሆ የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ሊሆን ይችላል። የአፍ፣ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰር የኩባ ወይም የኒካራጓ ብሎ አይለይም። «ተፈጥሯዊ ቅጠል ነው» የሚለውም መከላከያ አይሆንም። አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ያልመረጠውን ጭስ ይተነፍሳል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ቤት ውስጥ ባሉ ሕዝባዊ ቦታዎች ማጨስን፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥንም የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ማንንም ሲጋር እንዲጀምር አልመክርም፤ የምጽፈው ለጀመረው ነው።

«ለራሴ ስለሆነ የኩባውን ይዤ አሜሪካ እገባለሁ»

ይህ መረጃ ያረጀ ነው። ኬኔዲ ማዕቀቡን የጣሉት በ1962 ነው። በ2016 የኦባማ መንግሥት መንገደኞች ለግል የሚሆን የኩባ ሲጋር ይዘው እንዲገቡ ፈቀደ። ይህ ፈቃድ በመስከረም 2020 ተነሥቷል። ጉምሩክ ላይ «ዱባይ ነው የገዛሁት» ማለትም አያድንም፤ ክልከላው የሚያየው ሲጋሩ የተሠራበትን አገር ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን ባዶ አድርጎ ይሂድና የዚያን አገር መደርደሪያ ይመርምር።

«አንድ ሞከርኩ፣ አልተመቸኝም»

የኒካራጓ ሲጋር የኩባን ጣዕም እንዲሰጥ የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ ቅር ይለዋል። ግቢያችን ውስጥ ኩባ የተማሩ አንድ ጋሼ አሉ። አንድ እሑድ ቀለበቱን አውልቄ የኤስቴሊ ሲጋር ሰጠኋቸው። ገና ሁለት ጊዜ ሳብ እንዳደረጉ፣ «ልጄ፣ ይህ ኩባ አይደለም፤ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል» አሉ። ትክክል ነበሩ። «ላምጣልዎት ጋሼ፣ የእርስዎ አለ» ስላቸው ግን እጃቸውን አወዛወዙና፣ «ተወው፤ ኩባ አይደለም አልኩ እንጂ መጥፎ ነው መች አልኩ?» ብለው ማጨሳቸውን ቀጠሉ።

ለጀማሪ መንገደኛ የምለው፣ ከወፍራሙ አይጀምር። ቀጠን ያለ፣ ከኩባ ዘር የበቀለ፣ የፓድሮንን ወይም ከኩባ ወጥቶ ኤስቴሊ ፋብሪካ የከፈተውን የሆሴ ፔፒን ጋርሲያን ዓይነት ሥራ ይምረጥ። ለስላሳ የሚወድ ከሆነ ወደ ዶሚኒካኑ ፉዌንቴ ይሂድ። ከገዛው ላይ አንዱን እዚያው ያጭስ፤ ሌላውን አሳርፎ፣ አገሩ ገብቶ፣ የለመደው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሞክረው። በጉዞ ድካምና በሆቴል በረንዳ ላይ የተጨሰ ሲጋር ግማሽ ፍርድ ነውና።