የከተማ ቋሚ ንብረት አስተዳደር ምንድን ነው?

አንድ የከተማ አስተዳደር ድልድይ ባስመረቀ ማግስት፣ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የሚዘልቅ ግዴታ ይጀምርበታል። ድልድዩ፣ መንገዱ፣ ከመሬት በታች የተቀበረው የውሃና የፍሳሽ መስመር፣ ትምህርት ቤቱ፣ የመንገድ መብራቱ፣ የቆሻሻ መኪናውና መሬቱ ጭምር ከአንድ የበጀት ዓመት በላይ የሚያገለግሉ በመሆናቸው ቋሚ ወይም የካፒታል ንብረት ይባላሉ፤ እነዚህን መዝግቦ መያዝ፣ መጠገን፣ ዕድሜያቸው ሲያበቃ መተካትና ለዚህ ሁሉ የሚሆነውን ገንዘብ አስቀድሞ ማሰናዳት ደግሞ የቋሚ ንብረት አስተዳደር ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመዝገብ ነው። ጥሩ መዝገብ ቱቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ መቼ እንደተቀበረ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደፈነዳና ዛሬ ቢተካ ስንት እንደሚፈጅ ያሳያል። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በሒሳብ ሰነድ ብቻ አይመለስም። ከ50 ዓመት በፊት የተቀበረ ቱቦ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ሲታሰብለት ኖሮ በሰነዱ ላይ ዋጋው ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዛሬም ውሃ ያደርሳል፣ ሲተካም የሚጠይቀው ገንዘብ ከተገዛበት ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የቅደም ተከተል ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ «በጣም የተበላሸው ይቅደም» የሚለው ፍርድ ትክክል ቢመስልም ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያባክናል። አስፋልትን እንውሰድ። ገና እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሲያወጣ ስንጥቁን መድፈንና በስስ ንጣፍ ማልበስ ይበቃዋል። ዝም ከተባለ ግን ውሃው በስንጥቁ ሰርጎ ከሥር ያለውን የጠጠር ንጣፍ ያላላዋል፣ የከባድ መኪና ጎማ ይደቁሰዋል፣ ከዚያ በኋላ መንገዱን ከመሠረቱ ቆፍሮ እንደገና ከመሥራት በቀር መላ አይኖርም። ስለዚህ ከተማው የፈራረሰውን መንገድ ለጊዜው ትቶ ደህና የሚመስለውን ሲጠግን ቢታይ፣ ነዋሪውን ቢያናድድም፣ ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከጉዳቱ መጠን ጋር መዘዙም ይመዘናል፤ ለሆስፒታል ውሃ የሚያደርስ ቱቦ ጥቂት ቤቶችን ብቻ ከሚያገለግል ያረጀ ቱቦ ሊቀድም ይገባዋል።

የጥገና መዘግየት ምን እንደሚያስከትል በአሜሪካ የፒትስበርግ ከተማ ንብረት የነበረው የፈርን ሆሎው ድልድይ ያሳያል። ድልድዩ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2022 አውቶቡስና መኪኖች በላዩ እንዳሉ ወደ ሸለቆው ተደረመሰ፤ ሰዎች ቢጎዱም የሞተ አልነበረም። የአገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርምሮ እንደደረሰበት፣ የውሃ መውረጃዎቹ በቆሻሻ በመደፈናቸው ውሃው የብረት እግሮቹ ላይ እየተኛ በዝገት በልቷቸዋል፤ ፍተሻ ያደረጉ ባለሙያዎች ጥገና እንዲደረግ በተደጋጋሚ ቢያሳስቡም ከተማው ተግባራዊ አላደረገውም። መረጃው ነበረ፤ በእኔ ግምት የጎደለው መረጃውን ከበጀት ጋር የሚያገናኝ አሠራር ነው።

ጥገና የሚዘገይበት አንዱ ምክንያት የበጀት አከፋፈሉ ነው። የካፒታል በጀት በብድር፣ በቦንድ ወይም በዕርዳታ ሊሸፈን ይችላል፤ ለ30 ዓመት የሚያገለግል ግንባታ በረጅም ጊዜ ብድር ቢሠራ፣ የብድሩ ዘመን ከንብረቱ ዕድሜ እስካልበለጠ ድረስ፣ ወደፊት የሚጠቀሙበትም ወጪውን ይጋራሉና ተገቢ ነው። የየዓመቱ ጥገና ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመደበኛ በጀት፣ ከደመወዝና ከነዳጅ ጋር እየተሻማ ይወጣል፤ በጀት ሲጠብ ደግሞ ቀድሞ የሚቆረጠው አቤት የማይለው ጥገና ነው። በስጦታ የተገኘ ሕንፃ እንኳ ጥበቃውን፣ መብራቱንና እድሳቱን ይዞ ስለሚመጣ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚያሰኝ ጊዜ አለ። በዚህም የተነሳ በየዓመቱ እየተከለሰ የሚዘጋጀው የብዙ ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ በደንብ ሲሠራ፣ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ከግንባታ ዋጋው ጎን ለጎን ካለቀ በኋላ በየዓመቱ የሚያስወጣውን መደበኛ ወጪ፣ ወጪው ከየትኛው ገቢ እንደሚሸፈን ጭምር፣ እንዲያሳይ ይጠየቃል።