አሮጌ ትራክተር በጎንደር ቆላ፤ እድሳቱና ሥራው

በጎንደር አገር ትራክተር እንጀራ የሚያገኘው በዋናነት ቆላው ላይ ነው። ከአዘዞ ተነስቶ በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውኃና መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው ሜዳ ያወርዳል። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ የሚዘራበት ማሳ ሰፊ ስለሆነ በበሬ ብቻ ክረምቱን መቅደም አይቻልም። ደጋው ላይ ማሳው ቁርጥራጭ፣ ተዳፋትና ድንጋያማ ነው፤ ከጣና ዳር የደምቢያን ሜዳ ከመሰለው ቦታ በቀር ዛሬም የሚያርሰው በሬ ነው።

በሰሜን ምዕራቡ ቆላ፣ በተለይ በሁመራና በሰቲት ዙሪያ፣ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የግል እርሻ የተስፋፋው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ነበር። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ለወጠው። በደርግ ዘመን ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቁሞ የሶቪየቱ ቤላሩስ በአገሪቱ እርሻዎች ተሠራጨ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል እርሻ ተመልሶ ሲመጣ ያገለገለ ማሽን የሚፈልግ ሰው በዛ።

ለማደስ ከሚመረጡት ሁለቱ የታወቁ ናቸው። ማሲ ፈርጉሰን 135 እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተሩ 2.5 ሊትር ገደማ ነው፤ 45 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል። ቀላልና ናፍጣ ቆጣቢ ቢሆንም ለከባድ ዲስክ ማረሻ አቅም ያንሰዋል። ሚንስክ የሚሠራው ቤላሩስ ኤምቴዜድ 80 ግን ባለ አራት ሲሊንደር፣ 4.75 ሊትር፣ 80 የፈረስ ጉልበት ነው። ለመካኒክ ትልቁ ልዩነት ሸሚዙ፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበት የብረት ቱቦ ላይ ነው። የቤላሩሱ የሲሊንደር ሸሚዝ ውኃ በቀጥታ የሚነካው ስለሆነ ተስቦ ወጥቶ አዲሱ እዚያው እርሻ ላይ፣ ዳስ ሥር ሊገባ ይችላል። የፐርኪንሱ ደረቅ ሸሚዝ ግን ተጨምቆ የሚገባ ስለሆነ ፕሬስና ቶርኖ ቤት ይፈልጋል፤ ሞተሩን ጭኖ ከተማ መውጣት ግድ ነው።

ለዓመታት ቆሞ የከረመ ሞተር ሲገኝ ስህተቱ የሚጀምረው ባትሪ ከማሰር ነው። ተጎትቶ ይነሳል ብሎ ከሌላ መኪና ጋር ማሰር ደግሞ ይብሳል፤ የተጣበቀ ፒስተን የተያያዘበትን ዘንግ፣ ኮኔክቲንግ ሮዱን፣ ያጣምማል። ትዕግሥተኛ መካኒክ መጀመሪያ ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ይነቅልና በየሲሊንደሩ ናፍጣና ዘይት ቀላቅሎ ያፈስሳል፤ ለቀናት ይተወዋል። ከዚያ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ መዘውር፣ በፍላይዊሉ ጥርስ በኩል በፈሮ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ይነቀንቀዋል። የዘይት መለኪያው ሲሳብ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ጋስኬቱ ወይም የሸሚዙ ጎማ አልቋል ማለት ነው። ሞተሩ ከዞረ በኋላ የነዳጅ መስመሩ ይታጠባል፤ በፊልትሩና በፓምፑ ላይ ያሉት የአየር ማስወጫ ብሎኖች ይላላሉና አረፋው ቆሞ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ በእጅ ፓምፕ ይገፋል። ይህን ዘልሎ ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ ደጋግሞ መጫን ባትሪ መጨረስ ብቻ ነው።

ቀለም የመጨረሻው ሥራ መሆን ሲገባው በገበያ ላይ የመጀመሪያው ሆኗል። የሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀባ ማሽን ሲቀርብ ገዢ ቦኔቱን ትቶ የፊት አክስሉን ፒን ቢያወዛውዝ፣ ክላቹን ቢሞክር፣ ሃይድሮሊኩ የተጫነውን ማረሻ ሞተሩ ሲጠፋም ይዞ ይቆይ እንደሆነ ቢያይ ይበጀዋል። መለዋወጫ ሲጠፋ ከአዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ኩሽኔታ በቁጥሩ ስለሚገዛ ብዙ አያስቸግርም፤ ቡሽና ፒን ቶርኖ ቤት ይቀረጻል።

የእድሳቱን ጊዜ የሚወስነው ዝናቡ ነው። ግንቦት ሳያልቅ ያልተነሳ ትራክተር ዓመቱን አምልጦታል፤ ጥቁሩ ሸክላ አፈር፣ ዋልካው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲጠግብ ደግሞ ጎማ ይውጣል፤ ለማረስ የሚመቸው በሁለቱ መካከል ያለው አጭር ጊዜ ነው። ባለቤቱ የራሱን ማሳ ሲጨርስ ለጎረቤት በሄክታር እያከራየ ያርሳል፤ ለብዙዎች የእድሳቱን ወጪ የሚመልሰው ይኸው ኪራይ ነው። የሰሊጥ አጨዳ ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። ፍሬው ሲደርስ ቆባው ተከፍቶ ስለሚረግፍ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በማጭድ ያጭዱታል፤ ትራክተሩ ያኔ ውኃ፣ ስንቅና ጆንያ የሚያመላልስ ተሳቢ ጎታች ይሆናል። በአቧራው ወቅት ዘይት ያለበት የአየር ማጣሪያ በየጊዜው ካልታጠበ አዲስ የገባ ፒስተን እንኳ ብዙ አይቆይም።

የድሮ ሞዴሎች አብዛኞቹ ሲገለበጡ ሾፌሩን የሚከልል ብረት የላቸውም። ከኋላ የሚሽከረከረው የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ስለሚዞር የተንጠለጠለ ፎጣ ወይም ነጠላ ቢይዝ ሰውየውን ጨምሮ ይጠቀልላል። መከለያው የጠፋበት ዘንግ ከማሽላ መውቂያ ጋር ከመገጠሙ በፊት ከላሜራ ተበይዶ ሊሸፈን ይገባል፤ ለበያጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።