ዎክ፦ ከማዕበል ወደ እግር

ዛሬ «ዎክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በእግር መሄድ ማለት ነው። ሲነሣ ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዌአልካን» መንከባለልና መናወጥ ነው፤ የባሕር ማዕበል መናጡም «ገዌአልክ» ይባል ነበር። ለመሄድ «ጋን» የተባለ ሌላ ግስ ነበራቸው፤ የዛሬው «ጎ» ነው፤ እንደኛው «ሄደ» ለእግረኛውም ለፈረሰኛውም ያገለግላል። «ዎክ» በእግር የመሄድን ትርጉም የያዘው እ.ኤ.አ. ከ1200 ግድም ወዲህ ነው። ያኔ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ (walk) መሃል ያለችው ፊደል «ል» ትነበብ ነበር፤ ዛሬ ትጻፋለች እንጂ አትነበብም።

የቃሉ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ወደ ጨርቅ ሥራ ይወስዳል። «ዎከር» የሚለው የቤተሰብ ስም ተጓዥ የሚል ይመስላል፤ ስህተት ነው። የሱፍ ጨርቅ የሚረግጥ ባለሙያ ማለት ነው፤ ጀርመንኛ «ዋልከን» እስካሁን ይህንኑ ሥራ ይጠራበታል። በጆኒ ዎከር ውስኪ ጠርሙስ ላይ የሚራመደው ሰውዬ እንግዲህ በአዲሱ ትርጉም የተሣለ ነው።

ከሸማኔ የወጣ የሱፍ ጨርቅ የሳሳና የበጉ ቅባት ያልለቀቀው ነው። በጥንቱ አሠራር ገንዳ ውስጥ በከረመ ሽንት ይዘፈዘፋል። ሽንት ሲከርም አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያው ቅባቱን ያስለቅቃል። ቅባት የሚመጥ ልዩ አፈርም ይጨመርበታል። ከዚያ ለሰዓታት በእግር ይረገጣል። የሱፍ ጠጉር ላይ ያሉት ረቂቅ ቅርፊቶች በርጥበትና በፍትጊያ እርስ በርስ ይነካከሳሉ፤ ጨርቁ ይጠባል፣ ይወፍራል። ቡሉኮ በእንዶድ ዘፍዝፎ የረገጠ ሰው እንቅስቃሴውን ያውቀዋል፤ ጥጥ ግን ቅርፊት የለውምና ይጸዳል እንጂ እንደዚያ አይጠጥርም። ጨርቁ ሳይገላበጥ ከተረገጠ እጥፋቱ ላይ የማይለቅ መስመር ይቀራል፤ ካለልክ ከተረገጠም ይደርቅና አልታጠፍ ይላል። መጨረሻ ላይ ልኩን እንዲይዝ ሜንጦ በተደረደረበት የእንጨት ማዕቀፍ ተወጥሮ ይደርቃል።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን በውሃ ኃይል የሚነሡ የእንጨት መዶሻዎች እንግሊዝ ገብተው እግሩን ተኩ፤ ስሙ ግን በሰው ላይ ቀረ። ሰሜኑ «ዎከር» ሲል፣ ደቡብና ምሥራቁ ከፈረንሳይኛ ጋር በተያያዘው «ፉለር»፣ ደቡብ ምዕራቡ «ተከር» ይላል፤ ሦስቱም አንድ ሙያ ናቸው።

በስኮትላንድ የሄብሪዲስ ደሴቶች ሥራው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን በእጅ ዘልቋል። ሴቶች ገበታ ከበው እርጥቡን ጨርቅ በዜማ ምት እየደበደቡ ያዞሩት ነበር። ስፋቱን በመሃል ጣት ይለኩት ነበር፤ ገና ካልጠበበ ሌላ ዘፈን ይጨመር ነበር።