የወገብ ህመምና ምስሉ፦ ራጅ፣ ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ

ጎጃም ውስጥ ወገቤን ላለ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ስም «ኩላሊት ነው» ወይ «ብርድ ነው»፣ ጤፍ ሲያጭድ ሰንብቶም ቢሆን። ወጌሻ ያሸዋል፣ ጠበል ይጠመቃል፣ አልሻል ሲለው ደብረ ማርቆስ ወይ ባህር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይሄድና ገና ሳይቀመጥ «ዶክተር ኤምአርአይ ይዘዙልኝ» ይላል። ግን ድንገት የመጣ የወገብ ህመም አብዛኛው በ6 ሳምንት ውስጥ እየቀለለው ስለሚሄድ ምስል አያስፈልገውም።

ዋናው ነገር የሀኪሙ እጅ ነው። በጀርባ አስተኝቶ እግርህን ሳታጥፍ ቀስ አርጎ ያነሳዋል፣ ህመሙ ከጉልበት በታች ድረስ እንደ ኮረንቲ ከነዘረህ ነርቭ ተነክቶ ይሆናል፣ የእግርህን አውራ ጣት ወደላይ ቀና አርግ ስትባል ከሰነፈብህ ደግሞ አምስተኛው የወገብ ነርቭ ይጠረጠራል፣ ከዛ በኋላ ነው ምስሉ ትርጉም የሚኖረው።

ራጅ ርካሽ ነው፣ ስብራትና አንዱ አከርካሪ ከሌላው ላይ መንሸራተቱን ያሳያል። ዲስክን (በአከርካሪ አጥንቶች መሀል እንደ ትራስ ያለውን ለስላሳ ነገር) እና ነርቭን አያሳይም፣ «ራጅ ላይ ዲስክ ታየብኝ» የሚባለው በአጥንቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ጠቦ ስለሚታይ ነው። ሲቲ አጥንቱን በደንብ ያሳያል፣ ጨረሩ ግን ከራጅ ይበዛል። ዲስክ፣ ነርቭና ኢንፌክሽን ጥርት ብሎ የሚታየው በኤምአርአይ ነው፣ በማግኔት ስለሚሰራ ጨረር የለውም፣ ግን ግማሽ ሰአት አካባቢ ሳትነቃነቅ በዛ ሁሉ ጩኸት ውስጥ መተኛት አለብህ፣ የአንገት መስቀልህም ይወልቃል፣ ሰውነትህ ውስጥ የቀረ ጥይት ወይ ብረት ካለ ደሞ ቀድመህ መናገር ግድ ነው።

ችግሩ ኤምአርአይ ብዙ ነገር ማሳየቱ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ምንም ህመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 96 በመቶው ያረጀ ዲስክ ምስላቸው ላይ እንደሚታይ አሳይቷል፣ እና ሪፖርቱ ላይ «ዲስክ» የሚል ቃል አይቶ ማረስ የሚያቆም ሰው በከንቱ ነው የሚደነግጠው።

እኛ ጋ ግን ሊዘነጋ የማይገባው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ቀስ ብሎ የሚብስ ህመም፣ የማታ ላብና ክሳት ካለ ራጅ መጀመሪያ ላይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፣ ኤምአርአይ ቀድሞ ያወጣዋል። ካንሰርም ተመሳሳይ ምስል ሊሰጥ ስለሚችል ብዙ ጊዜ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ሽንት አልወጣም ወይ አልያዝም ካለ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይ እግር እየሰነፈ ከሄደ ደግሞ 6 ሳምንት አይጠበቅም፣ የዛኑ ቀን ሪፈር ነው።